የቢስክሌት ፎርክ መቀየርና የአንገት ኩሽኔታ ማደስ፦ ለጀማሪ

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ በየማለዳው በቢስክሌት የሚመላለስ ሰው መሪው መንገጫገጭ ሲጀምር አስቀድሞ የሚጠረጥረው ፍሬኑን ወይም የጎማውን ነፋስ ነው። በእኔ ልምድ ግን በከተማው ዳርቻ ባሉ ሠፈሮች ቀድመው የሚያልቁት ከመሪው ሥር፣ በፍሬሙ አንገት ላይኛውና ታችኛው አፍ፣ ተሸሽገው የሚኖሩት ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው። እነዚህን ፈትቶ ማጠብ፣ ግሪስ መቀባትና መልሶ መግጠም፣ ካስፈለገም ፎርኩን ጭምር መቀየር፣ ከዚህ በፊት ዳዶ ፈትቶ የማያውቅ ሰው በአንድ ቅዳሜ ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው። ጀማሪን የሚጥለው ከሥራው በፊት ያለው ግዢና በመጨረሻ ያለው ማስተካከል ስለሆነ፣ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

እንድንግባባ በመጀመሪያ ስሞቹን ልለይ። ፎርክ የምለው የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዘውን ባለ ሁለት እግር ብረት ነው። ከሁለቱ እግሮች መገናኛ ወደ ላይ የሚወጣውን ቱቦ ግንድ እለዋለሁ፤ ግንዱ በፍሬሙ አንገት ውስጥ አልፎ በላይ ይወጣና መሪውን ይሸከማል። በአንገቱ በሁለቱም አፍ ላይ ስኒ የሚመስሉ ብረቶች ተመትተው ገብተዋል፣ በፎርኩ ግንድ ሥር ደግሞ አንድ ቀለበት ጠብቆ ተቀምጧል። በእነዚህ መካከል የሚሽከረከሩት የብረት ብዮች ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ በቆርቆሮ ማቀፊያ ተሰክተው ይገኛሉ። በአሮጌዎቹና በርካሾቹ ቢስክሌቶች ላይ የግንዱ ጫፍ ጥርስ የወጣለት ስለሆነ ሁሉም ነገር ከላይ፣ ጥርሱ ላይ እየተሽከረከረ በሚወርድ ማስተካከያ ስኒና ከእርሱ በላይ ባለ ቆላፊ ዳዶ ይታሰራል፤ በአዳዲሶቹ ላይ ግንዱ ልሙጥ ሆኖ መሪውን የሚይዘው ብረት (ከፍሬሙ አንገት ለመለየት የመሪው አንገት የምለው) ከውጭ ነክሶ ይይዘዋል። እኛ ጋ በብዛት የማየው ባለ ጥርሱን ስለሆነ ዋናው ማብራሪያ በእርሱ ላይ ነው።

ችግሩን ለማወቅ የፊት ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይያዙና ቢስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዙት፤ በሌላው እጅዎ ሁለት ጣት በታችኛው ስኒና በፎርኩ መጋጠሚያ ላይ ያሳርፉ። ኳ ኳ የሚል ነገር ጣትዎ ላይ ከተሰማ ኩሽኔታው ላልቷል። ፍሬኑ ራሱ በቦታው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሊያሳስትዎ ስለሚችል፣ መሪውን 90 ዲግሪ አዙረው ይህንኑ ይድገሙት፤ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሰማ መወዛወዝ የአንገቱ ነው። ቀጥሎ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተው መሪውን በአንድ ጣት በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ ይግፉ። ጤነኛ አንገት እንደ ዘይት ይፈስሳል። አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካለ ቆሻሻ ገብቶበታል፤ ልክ ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ውስጥ እንደ መግባት ቁጭ የሚል ከሆነ ደግሞ ስኒው ወይም ቀለበቱ ተቦርቡሯል።

ይህ መቦርቦር የሚመጣበት ምክንያት ቀላል ነው። በኮብልስቶን ላይ ቀጥ ብለን ስንነዳ መሪው እምብዛም ስለማይዞር ብዮቹ ያው አንድ ቦታ ላይ ተቀምጠው ይርገበገባሉ፣ ግሪሱም ከሥራቸው ተገፍቶ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ብረት ብረትን እየፋቀ እያንዳንዷ ብይ የራሷን ጎድጓዳ ትቆፍራለች። በክረምት ጥቁሩ አፈር ከጎማው ጋር ተጠቅልሎ ወደ ታችኛው ስኒ ይረጫል። በበጋ ደግሞ ያው አፈር ዱቄት ሆኖ ይገባል። ከሁለቱም የከፋው ግን ላቫጆ ነው፤ የመኪና ማጠቢያው ውኃ በግፊት ሲተኮስበት ግሪሱን ጠርጎ በምትኩ ጭቃ ውኃ ያስቀምጣል። በቅርቡ የፈታሁት የጎረቤቴ ልጅ ቢስክሌት ከውጭ ሲታይ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ታችኛውን ስኒ ስከፍተው ግን የቡና አተላ የመሰለ ነገር ጣቴ ላይ ወረደ፤ ከማቀፊያው ላይ ሦስት ብዮች ጠፍተዋል፣ የቀሩትም ዝገው ከማቀፊያው ጋር ተጣብቀዋል።

ፎርኩ ራሱ መቀየር ያለበት ሲጣመም፣ ሲሰነጠቅ ወይም ግንዱ ላይ ያለው ጥርስ ሲበላ ነው። ከግጭት በኋላ ቢስክሌቱን በጎን ቆመው ይመልከቱት፤ የፎርኩ እግሮች ወደ ኋላ የተገፉ ከመሰለዎት፣ ወይም የጫማዎ ጫፍ ከዚህ በፊት ሳይነካው የነበረውን የፊት ጎማ መንካት ከጀመረ፣ ፎርኩ ታጥፏል። ከመገናኛው ሥር የተሸበሸበ ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ መሥመር ያሳየ ቀለም ካለም ይጠርጥሩ። በዚህ ጊዜ ወደ ብየዳ ቤት መሄድ ያጓጓል፤ እኔም ሄጄ ነበር። የተሰነጠቀውን እግር በየዱልኝ፣ ሞረዱት፣ ቀለምም ቀቡልኝ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከብየዳው ጎን ባለው ብረት ላይ አዲስ ስንጥቅ አገኘሁ። ቁልቁለት ላይ ሳይሆን በር ላይ ቆሞ ስላገኘሁት እድለኛ ነኝ። በብየዳ ሙቀት የተጎዳ ቀጭን ቱቦ ሲሰበር ማስጠንቀቂያ ስለማይሰጥ፣ የፊት ፎርክን ማስበየድ ከቁጠባ አልቆጥረውም።

ወደ ግዢው እንምጣ። አዲስ ፎርክ ፍለጋ መርካቶ ከመሄድዎ በፊት አሮጌውን ፈትተው ይዘውት ቢሄዱ ከሁሉ ይሻላል፤ ካልሆነ ግን የሚከተሉትን ልኮች በወረቀት ጽፈው ይያዙ። የመጀመሪያው የግንዱ ውፍረት ነው። ባለ ጥርሱ ግንድ በአብዛኛው 25.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ልሙጡ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ ጥርስ ሆኖ 28.6 የሆነም ስላለ በግምት አይሂዱ። ውፍረት የሚለካበት ካሊፐር ከሌለዎት ቀጭን ወረቀት በግንዱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ጠቅልለው የሚገናኝበት ላይ ምልክት ያድርጉና ዘርግተው ይለኩት፤ 80 ሚሊ ሜትር ገደማ ከወጣ ግንዱ 25.4 ነው፣ 90 ገደማ ከወጣ 28.6 ነው።

ሁለተኛው የግንዱ ርዝመት ነው፤ የሚለካውም ታችኛው ቀለበት ከሚቀመጥበት ትከሻ እስከ ጫፉ ነው። አንድ ጊዜ ሻጩ «ይገባል፣ ምንም አትስጋ» ብሎኝ ሳልለካ የወሰድኩት ፎርክ ሁለት ሳንቲ ሜትር አጥሮ ተገኘ፤ ላይኛው ዳዶ የሚይዘው ጥርስ ስላልነበረው ቅዳሜዬ በታክሲ መመላለስ አለቀ። የረዘመ ግንድ መድኃኒት አለው፣ ሊቆረጥ ወይም ተጨማሪ ሮንዴላ ሊደረግበት ይችላል፤ ያጠረ ግን የለውም። ባለ ጥርሱን ሲገዙ ጥርሱ የሚወርድበትን ርዝመትም ይመልከቱ። በጣም አጭር ከሆነ ማስተካከያው ስኒ ወርዶ ብዮቹን ሳይነካ ጥርሱ ያልቃል፤ በጣም ረጅም ከሆነ ደግሞ የመሪው አንገት በግንዱ ውስጥ የሚወጠርበት ቦታ ጥርስ በቀጠነው ክፍል ላይ ይውላል፣ ግንዱም ሊሰነጠቅ የሚችለው እዚያ ላይ ነው።

ሦስተኛው ልክ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ቀለበቱ የሚቀመጥበት የግንዱ ሥር በባለ 25.4 ፎርኮች ላይ 26.4 ወይም 27.0 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ትንሹን ቀለበት በትልቁ ላይ በመዶሻ ቢያስገቡት ይሰነጠቃል፣ ትልቁን በትንሹ ላይ ቢያስቀምጡት ደግሞ በእጅ የሚወጣ ልል ይሆናል። ስለዚህ ፎርክና ሙሉ የአንገት ኩሽኔታ በአንድ ላይ ሲገዙ ቀለበቱን እዚያው ሱቁ ውስጥ ግንዱ ላይ ያጥልቁት፤ በነጻ ወርዶ ትከሻው ላይ ከተቀመጠ ትልቅ ነው፣ ከትከሻው በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ከቆመ ትልቅ አይደለም፣ ትንሹ አለመሆኑን ግን በልክ ያረጋግጡ።

የጎማው መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ 26 ኢንች የሚባለው የተለመደው የተራራ ቢስክሌት ጎማ 559 የሚል ቁጥር ይኖረዋል። 28 የሚባለው ግን 622 ወይም 635 ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን እንጂ ስሙን አይመኑ። የፍሬኑን ዓይነት መዘንጋትም የተለመደ ነው፤ በጎን የሚቆነጥጥ፣ ቪ-ብሬክ የሚባለው ፍሬን ያለው ቢስክሌት በፎርኩ እግሮች ላይ ሁለት መቆሚያ ጉጦች ይፈልጋል፣ ባለ ዲስኩ ደግሞ በግራ እግሩ ሥር ማሰሪያ ይፈልጋል። በመጨረሻም ከታችኛው ቀለበት መቀመጫ እስከ ጎማው አክስል ያለውን ርቀት ከአሮጌው ጋር ያነጻጽሩ። ድፍኑን ፎርክ በባለ ስፕሪንግ መለወጥ የሚፈልጉ ወጣቶች ይህን ይዘሉታል፤ ፊቱ በ2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር የአንገቱ ዘንበልነት በ1 ዲግሪ ገደማ ስለሚለወጥ፣ በጣም የረዘመ ፎርክ መሪውን ያከብደዋል፣ ዳገት ላይም ፊቱ ይቅበዘበዛል።

ለሥራው የሚያስፈልጉት መዶሻ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ የ15 ቁጥር መፍቻ ለጎማው ዳዶ፣ አለን ቁልፎች፣ አሮጌ ጨርቅ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥቂት ነጭ ጋዝና የመኪና ግሪስ ናቸው። ለአንገቱ ዳዶ ባለ 25.4 ግንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 30 ወይም 32 ቁጥር፣ ባለ 28.6 ጥርስ ላይ 36 ቁጥር መፍቻ ይሄዳል። ሁለት መፍቻ ያስፈልጋል፣ አንዱ ማስተካከያውን ስኒ ለመያዝ፣ ሌላው ቆላፊውን ዳዶ ለማጥበቅ። በፓፓጋሎ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን የዳዶውን ጠርዝ ስለሚበላው ለሚቀጥለው ጊዜ መከራ ያስቀምጣል።

የፊት ፍሬኑን ገመድ ያላቁና ጎማውን ያውጡ። በመሪው አንገት አናት ላይ ያለውን ረጅም ብሎን ሦስት ወይም አራት ዙር ብቻ ያላሉት፣ ጨርሰው አያውጡት። ከዚያ ቁራጭ እንጨት አስደግፈው ራሱን በመዶሻ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርገው ይምቱት፤ ብሎኑ ወደ ታች ሲወርድ በውስጥ የተወጠረው ሽብልቅ ይለቃል፣ መሪውም እየተወዛወዘ ይወጣል። አሁን ቆላፊውን ዳዶ፣ ጥርስ ያላትን ሮንዴላና ማስተካከያውን ስኒ በቅደም ተከተል ይፍቱ። ስኒው ሲያልቅ ፎርኩ በድንገት ስለሚወርድ በአንድ እጅ ከታች ይያዙት። ከሥር የቡና ትሪ ወይም ጠርዝ ያለው ሳህን ያስቀምጡ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ያለ ትሪ ስሠራ አንዷ ብይ በውኃ መውረጃው ቀዳዳ ገብታ ታች የተሰጣ በርበሬ ላይ አረፈች፤ እትዬ ከሥር ሆነው የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም። እያንዳንዱ ማቀፊያ በየትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደነበረ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ይህ ፎቶ ኋላ ከመጽሐፍ ይበልጣል።

ሁሉንም በነጭ ጋዝ ያጥቡና በጨርቅ ያድርቁ። ጋዙ ከእሳትና ከከሰል ምድጃ ይራቅ፣ የፍሬን ጎማዎቹንም እንዳይነካ። ከደረቀ በኋላ የስኒውን ጉድብ በፀሐይ ብርሃን ያዩና በጥፍርዎ ጫፍ ይዳስሱት። ለስላሳና አንድ ዓይነት የሚያብረቀርቅ መንገድ ካለ ስኒው ገና ይሠራል። ጥፍርዎ በየብዩ ቦታ ቁጭ ቁጭ የሚል ከሆነ ሙሉው ስብስብ ይቀየር። አዲስ እስኪገኝ ድረስ ማታለያ አለ፤ ማቀፊያውን ትተው ልቅ ብዮችን ብቻ በግሪስ ላይ ቢደረድሩ ብዮቹ የሚቀመጡበት ርቀት ስለሚለወጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ በአሮጌዎቹ ጉድጓዶች ውስጥ አይወድቁም። በባለ 25.4 አንገት ላይ የተለመደው የብይ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉድቡን ሞልተው አንዲት ብይ የምትገባበት ያህል ክፍተት ይተዉለት። አሮጌና አዲስ ብይ ግን ፈጽሞ አይቀላቅሉ፣ ጭነቱ በሙሉ በወፍራሞቹ ላይ ይወድቃል።

ስኒዎቹን ለማውጣት ረጅም ብረት በአንገቱ ውስጥ አሳልፈው ከውስጥ በኩል ጠርዛቸውን ግራ፣ ቀኝ፣ ፊትና ኋላ እያፈራረቁ ቀስ ብለው ይምቱ። አዲሱን ለማስገባት ከመምታት ይልቅ መጭመቅ ይሻላል፤ ጥርስ ያለው ረጅም ብረት፣ ሁለት ዳዶና ሁለት ሰፋፊ ሮንዴላዎች ከብረታ ብረት ሱቅ ገዝተው ሁለቱን ስኒዎች ከሁለት ወገን እየጨመቁ ያስገቧቸው፣ ጠማማ መግባት ከጀመረ ወዲያው አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። ቀለበቱን ከአሮጌው ፎርክ የሚያወጡት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከሥሩ አስገብተው ዙሪያውን በትንሽ በትንሹ በመምታት ነው። በአዲሱ ላይ ለማስገባት የ1 ኢንች የውኃ ቧንቧ ቁራጭ በ25.4 ግንድ ላይ በደንብ ይጠልቃል። ቧንቧው ብዮቹ የሚሄዱበትን መንገድ እንዳይጎዳ አሮጌውን ቀለበት ገልብጠው በመካከል ያስቀምጡና ቧንቧውን በመዶሻ ይምቱ፣ ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም ሲለወጥ ቀለበቱ ትከሻው ላይ ደርሷል።

ግንዱ መቆረጥ ካለበት በመጀመሪያ አንድ ዳዶ ከሚቆረጠው ቦታ በታች ያስገቡ፣ ከዚያ በሴጌቶ ይቁረጡና ጠርዙን ይሞርዱት። ዳዶውን ሲያወጡት የተበላሸውን የመጀመሪያ ጥርስ እያጸዳ ይወጣል።

አሁን ግሪስ። ሁለቱን ስኒዎች ጉድባቸው እስኪሞላ ይቀቡ፣ ማቀፊያዎቹን በመዳፍዎ ላይ እያሹ ግሪሱ በብዮቹ መካከል እንዲገባ ያድርጉ። ማቀፊያው ተገልብጦ ከገባ የቆርቆሮው ጠርዝ ብረቱን ይፍቃል። ፎቶው ግልጽ ካልሆነልዎ ማቀፊያውን በስኒና በቀለበት መካከል አድርገው በእጅዎ ጫን ብለው ያዙሩት፤ በትክክለኛው ፊቱ ይንሸራተታል፣ በተሳሳተው ይንከራፈፋል። ታችኛውን ማቀፊያ በቀለበቱ ላይ አስቀምጠው ግንዱን በአንገቱ ውስጥ ያሳልፉ፣ ላይኛውን ይጨምሩና ማስተካከያውን ስኒ በጣትዎ ያሽከርክሩ። በጥርሱ ላይ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች መክበድ ከጀመረ ጠማማ ገብቷልና በመፍቻ አያስገድዱት።

ማስተካከሉ ትዕግሥት ይፈልጋል። ስኒው ብዮቹን እስኪነካ በእጅ ያጥብቁ፣ ከዚያ ከአንድ ዙር ስምንተኛውን ያህል ይመልሱት። ሮንዴላዋን ያስገቡ፣ ቆላፊውን ዳዶ ያምጡ፣ ስኒውን በአንድ መፍቻ ሳይነቃነቅ ይዘው ዳዶውን በሌላው ያጥብቁ። ጀማሪን ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፤ ዳዶው ሲጠብቅ በጥርሱ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ክፍተት ስለሚያጠፋ ስኒውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ልክ የነበረውም ማስተካከያ ጠብቆ ይገኛል። ስለዚህ ከመቆለፉ በፊት ጥቂት ልል መሆን አለበት። ከቆለፉ በኋላ ፍሬሙን ከፊት አንሥተው ወደ ጎን ዘንበል ያድርጉት፤ ፎርኩ በራሱ ክብደት ያለ መንቀርፈፍ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ጠብቋል፣ ቢወዛወዝ ልል ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙከራ ቢሳካልዎ ደኅና ሠርተዋል፤ እኔ እስካሁን በአንድ ጊዜ አግኝቼው አላውቅም።

የመሪውን አንገት ከመመለስዎ በፊት ወደ ግንዱ የሚገባውን ክፍል ግሪስ ይቀቡት፣ አለዚያ ዝጎ ይጣበቃል። በላዩ ላይ የተቀረጸው የዝቅተኛ መግቢያ መሥመር መታየት የለበትም። ጎማውን ገጥመው መሪውን ከጎማው ጋር ያቃኑ፣ ብሎኑን ያጥብቁ፤ ጎማውን በጉልበትዎ መካከል ይዘው መሪውን ሲያጣምሙት በቀላሉ መዞር የለበትም። ጎማው በሁለቱ እግሮች መካከል እኩል መቆሙንና ፍሬኑ መያዙን አይዝለሉ።

ግንዱ ልሙጥ ከሆነ ሥራው ያጥራል። አናቱ ላይ ያለው ክዳን ብሎን ኩሽኔታውን ጫን ለማድረግ ብቻ ያገለግላል፣ መሪውን የሚይዙት በጎን ያሉት ብሎኖች ናቸው። ስለዚህ ሲያስተካክሉ የጎኖቹን ያላሉ፣ የክዳኑን ውዝዋዜው እስኪጠፋ ብቻ ያጥብቁ፣ ከዚያ የጎኖቹን እያፈራረቁ ይሰሯቸው። ግንዱ ከመሪው አንገት አናት በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፣ አለዚያ ክዳኑ ግንዱን ተጭኖ ኩሽኔታውን አያጠብቅም። ውስጡ የታሸገ ኩሽኔታ ከሆነ ተከፍቶ አይታደስም። ሲገዙ በጎኑ የተጻፈውን መጠንና እንደ 36 እና 45 ያሉትን የዲግሪ ቁጥሮች ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ።

አዲስ የገቡ ስኒዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቦታቸው ይረጋሉ። ስለዚህ ወደ አስፋልቱ ከመውጣትዎ በፊት በሠፈሩ ኮብልስቶን ላይ ጥቂት ተመላልሰው ውዝዋዜውን እንደገና ይሞክሩ፣ ከሳምንት በኋላም ይድገሙት፤ በዚህ ጊዜ የተገኘ ጥቂት ልልነት በሩብ ሰዓት ይታረማል፣ የተተወ ልልነት ግን አዲሱን ስኒ በአንድ ክረምት ይቦረቡረዋል። ጭቃውን በባልዲ ውኃና በጨርቅ ያጥቡት። ላቫጆ ካስገቡት ግን ልጁ ቱቦውን ወደ አንገቱ እንዳያዞር ከጎኑ ቆመው ይጠብቁ።